በሁለት ዓለም ያደገች ልጅ፦ የፐርል በክ የሕይወት ታሪክ

ፐርል በክ በሃያኛው ምእት ዓመት ስማቸው ከገነነ አሜሪካውያን ደራስያን አንዷ ናት። ይሁን እንጂ ስሟን ያስጠራው ድርሰቷ ስለ አሜሪካ የተጻፈ አይደለም። የጻፈችው ስለ ቻይና ገበሬ፣ ስለ መሬቱ፣ ስለ ረኀቡና ስለ ልጆቹ ነው። አንዲት የባዕድ አገር ሴት የሌላውን ሕዝብ ኑሮ ከውስጥ ሆና ልታየው የቻለችበት ምክንያት ከልጅነቷ ታሪክ ይገኛል። ፐርል የተወለደችው በአሜሪካ ቢሆንም አፏን የፈታችው በቻይና ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አባቷ አብሳሎም ሲደንስትሪከር፣ እናቷ ደግሞ ካሮላይን ስታልቲንግ ይባሉ ነበር። ሁለቱም የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን ነበሩ። በ1880 እንደ ተጋቡ ብዙም ሳይቆዩ ውቅያኖሱን አቋርጠው ወደ ቻይና ሄዱ። አባቷ ለቋንቋ ጥናት ልዩ ፍቅር የነበረው ሰው ሲሆን፣ ከመንደር ወደ መንደር እየተዘዋወረ ይሰብክ፣ በቤቱም ሲቀመጥ አዲስ ኪዳንን ወደ ቻይንኛ ይተረጉም ነበር። የቤቱ ሸክም የወደቀው በእናቷ ላይ ነው። በዚያ ዘመን የኮሌራ፣ የተቅማጥና የወባ በሽታ በቻይና ብዙ ሰው ይፈጅ ነበር። ካሮላይን ፐርልን ከመውለዷ በፊት አራት ልጆች ወልዳ ሦስቱ በሕፃንነታቸው ሞቱባት። በኀዘንና በበሽታ የደከመችው እናት ለዕረፍት ወደ አገሯ በተመለሰች ጊዜ፣ ፐርል ሰኔ 26 ቀን 1892 በምዕራብ ቨርጂኒያ ክፍለ ሀገር፣ ሂልስቦሮ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በእናቷ ቤተ ሰቦች ቤት ተወለደች። ጥቂት ወራት ያህል እንደ ቆየች ወላጆቿ ይዘዋት ወደ ቻይና ተመለሱ።

ፐርል አብዛኛውን የልጅነት ዘመኗን ያሳለፈችው ዤንጂያንግ በተባለች ከተማ ነው። ዤንጂያንግ በጂያንግሱ ክፍለ ሀገር ውስጥ የምትገኝ፣ ታላቁ የያንግትዜ ወንዝና በሰው እጅ የተቆፈረው ታላቁ ቦይ የሚገናኙባት የወደብ ከተማ ናት። ቻይና በአሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት አጋማሽ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ጦር ከተሸነፈች በኋላ፣ በግዴታ በፈረመችው ውል መሠረት ወደቧ ለባዕዳን ነጋዴዎች ተከፍቶ ነበር። በከተማይቱም ውስጥ እንግሊዞች ራሳቸው የሚያስተዳድሩት፣ በአጥር የተከለለ ሰፈር ነበራቸው። ብዙዎቹ ነጮች በዚያ ሰፈር ውስጥ ይኖሩ ነበር። የፐርል ወላጆች ግን ከዚያ ወጥተው በቻይናውያን መካከል ለመኖር መረጡ። ቤታቸው ከኮረብታ ላይ ስለ ነበር፣ ሕፃኒቱ ወደ ታች ስትመለከት ሸራቸውን የወጠሩ ጀልባዎች በሰፊው ወንዝ ላይ ሲመላለሱ፣ ገበሬዎችም እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ገብተው ሩዝ ሲተክሉ ታይ ነበር።

እናቷ በቤት ሥራና በሕሙማን እርዳታ ስትደክም፣ ፐርልን የምትጠብቃት ዋንግ የምትባል ቻይናዊት ሞግዚት ነበረች። ዋንግ በዕድሜዋ የገፋች፣ ብዙ መከራ ያየች ሴት ናት። ሕፃኒቱን አቅፋ የምታባብላት፣ የምታጫውታትና የምትቆጣት በቻይንኛ ነበር። በቻይንኛ አንድ ቃል ድምፁ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ትርጉሙ ፈጽሞ ይለወጣል። ትላልቅ ሰዎች ይህን ለመልመድ ብዙ ዓመት ይደክማሉ። ፐርል ግን እንደ ማንኛዋም የአገሩ ልጅ ከሞግዚቷ አፍ ስለ ቀሰመችው ምንም ድካም አልተሰማትም። በዚህም ምክንያት ከእንግሊዝኛ ይልቅ ቻይንኛ የቀደመ ቋንቋዋ ሆነ። ማታ ማታ ዋንግ ስለ ዘንዶዎች፣ ስለ ምትሃተኛ ሰይፎችና ስለ መናፍስት ተረት ትነግራታለች፤ የቤቱ ወጥ ቤት ደግሞ ስለ ጥንት ጀግኖች ያነበበውን እያስታወሰ ይተርክላታል። ፐርል በወላጆቿ ማዕድ ከሚቀርበው ምግብ ይልቅ የሠራተኞቹ ሩዝና አትክልት ይጥማት ስለ ነበር፣ ብዙ ጊዜ ወደ ማድ ቤት ሹልክ ብላ ገብታ ከእነርሱ ጋር ትበላ ነበር።

በግቢው አጥር ውስጥ ያለው ኑሮ ግን ሌላ ነበር። እናቷ በግቢው ውስጥ የአገሯን አበቦች ተክላ፣ ቤቱን በአገሯ ልማድ አሰናድታ፣ ልጆቿን በእንግሊዝኛ ታስተምር ነበር። ስለ ምዕራብ ቨርጂኒያ ተራሮች፣ ስለ ንጹሑ ምንጭና ስለ ክረምቱ በረዶ ደጋግማ ትነግራቸዋለች። ልጅቱም ሕፃናት በኮሌራ የማይሞቱባት፣ ማንም የማይራብባት አንዲት አገር ከባሕር ማዶ እንዳለች ታምን ነበር። ያቺ አገር የእርሷ አገር እንደሆነች ይነገራታል፤ እርሷ ግን አላየቻትም። የምታውቃት አገር ከአጥሩ ውጭ ያለችው ናት። የፔኪንግዋን እቴጌ ጽሺን እንኳ እንደ ራሷ ንግሥት ትቈጥራት ነበር።

ሆኖም የአገሩ ልጅ መሆን በምኞት ብቻ የሚገኝ አልነበረም። የፐርል ጠጉር ወርቃማ፣ ዓይኖቿም ሰማያዊ ነበሩ። በመንገድ ስትሄድ የማያውቋት ሰዎች እየቆሙ ይመለከቷታል፤ አንዳንድ ልጆችም ባዕድ ሰይጣን እያሉ ይሰድቧታል። ለቻይናውያን ሰው ሁሉ ጠጉሩ ጥቁር፣ ዓይኑም ጥቁር ነው። ስለዚህ ሞግዚቷ ወደ ገበያ ስትወስዳት ጠጉሯን ከቆብ ውስጥ ትሸሽግላት ነበር። ስድቡን የሰሙት ሰዎች ልጅቱ በራሳቸው ቋንቋ፣ በራሳቸው አነጋገር መልስ ስትሰጥ ይደነቃሉ፤ ብዙ ጊዜም ስድቡ በሣቅ ይፈጸማል። ፐርል ቋንቋ ማወቅ ከቆብ ይልቅ እንደሚከልላት የተረዳችው ገና በሕፃንነቷ ነው።

ዕድሜዋ ለትምህርት ሲደርስ ወላጆቿ ኩንግ የሚባል ቻይናዊ መምህር ቀጠሩላት። ጧት ጧት ከእናቷ የአሜሪካንን ትምህርት ትማራለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ኩንግ እየመጣ የቻይንኛ ንባብና ጽሕፈት ያስተምራታል። ኩንግ የኮንፉሽየስን ትምህርት ጠንቅቆ ያወቀ፣ አነጋገሩ የረጋ፣ ሥርዓት አክባሪ ሊቅ ነበር። በሺህ የሚቈጠሩትን የቻይንኛ ፊደላት በብሩሽና በቀለም እንዴት እንደሚጻፉ ከማስተማሩም በላይ፣ ታላቅን ማክበርን፣ ስሜትን መግዛትንና ከመናገር በፊት ማሰብን አስተማራት። ስለ ቻይና ታሪክ ሲያስረዳትም፣ ምዕራባውያን ገና መንግሥት ሳያቆሙ ቻይና መጻሕፍት የሚጻፉባት ታላቅ አገር እንደ ነበረች፣ በኋላም ባዕዳን በመድፍ ወደቦቿን እንዳስከፈቱ አልደበቃትም። አንድ ቀን የተበደለው ሕዝብ በነጮች ላይ ሊነሣ እንደሚችልም አስጠነቀቃት። ይህን የሰማችው ነጭ ልጅ ናት። ከእናቷ የሰማችውንና ከመምህሯ የሰማችውን ማስታረቅ ለአንዲት ልጅ ቀላል አልነበረም። ኩንግ በ1905 በኮሌራ በሽታ ሲሞት ፐርል እንደ ቤተ ሰቧ አዘነችለት።

ፐርል በዚያች ኮረብታ አካባቢ ያየችው ሁሉ ደስ የሚያሰኝ አልነበረም። ድኅነት እጅግ የበረታበት ዘመን ነበር። ወንድ ልጅ ዘር ያስቀጥላል፣ ወላጆቹን ይጦራል፣ ሴት ልጅ ግን ለባዕድ ቤት የምታድግ ናት ተብሎ ስለሚታመን፣ የሚመግቡት ያጡ ወላጆች አንዳንድ ጊዜ የተወለደችውን ሴት ልጅ ይጥሏት ነበር። ፐርል በሜዳ ስትጫወት የእነዚህን ሕፃናት ዐፅም ታገኝ ነበር። ለማንም ሳትናገር አፈር ቆፍራ ትቀብራቸዋለች። በገዛ ቤቷም ሞት እንግዳ አልነበረም፤ ታናሽ ወንድሟ ክላይድ በሕፃንነቱ ሞተ። ከሰባቱ የሲደንስትሪከር ልጆች ለአካለ መጠን የደረሱት ፐርል፣ ታላቅ ወንድሟ ኤድጋርና ታናሽ እኅቷ ግሬስ ብቻ ናቸው።

በ1900 መምህር ኩንግ የፈራው ነገር ደረሰ። በሰሜን ቻይና ቦክሰር በመባል የሚታወቁት ዐመፀኞች በባዕዳንና የባዕዳንን ሃይማኖት በተቀበሉ ቻይናውያን ላይ ተነሡ። ዝናም ጠፍቶ፣ ረኀብ ገብቶ ስለ ነበር ሕዝቡ በእጅጉ ተመርሮ ነበር። እቴጌይቱም ዐመፀኞቹን ደገፈች። በሰሜን ክፍላተ ሀገር ብዙ ሚስዮናውያን ከነልጆቻቸው፣ ከእነርሱም የበለጠ ቁጥር ያላቸው ክርስቲያን ቻይናውያን ተገደሉ። በፔኪንግ የነበሩ የውጭ አገር ልዑካንም 55 ቀናት ያህል ተከበቡ። ዤንጂያንግ ከውጊያው ስፍራ የራቀች ብትሆንም ወሬው ደረሰ። ቤታቸው ይመጡ የነበሩ ጎረቤቶች እግራቸውን ሰበሰቡ፤ አብረዋት ይጫወቱ የነበሩ ልጆችም ቀሩ። የስምንት ዓመቷ ልጅ ባልሠራችው በደል፣ በቆዳዋ ቀለም ብቻ እንደ ጠላት መቈጠሯን አየች። ትወዳት የነበረችው እቴጌ እንደ ጠላት መመልከቷ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ አሳዘናት። እናቷ ልጆቿን ይዛ ወደ ሻንግሃይ ሸሸች፤ አባቷ ግን ሥራዬን ጥዬ አልሄድም ብሎ ብቻውን ቀረ። የስምንት መንግሥታት ጦር ፔኪንግ ገብቶ ዐመፁን አጠፋ፤ በቻይናም ላይ ከባድ የካሣ ዕዳ ተጫነባት። ባዕዳኑ በድል ተመለሱ፤ በሕዝቡ ልብ ያደረው ቂም ግን አልጠፋም።

በ1901 ቤተ ሰቡ ለዕረፍት ወደ አሜሪካ ሄደ። ፐርል በተረት እንደ ሰማችው የነበረውን አገር በዓይኗ አየች፤ የአያቶቿን ቤት፣ አበባውንና የወይን ተክሉን ወደደች። በመስከረም ወር ፕሬዚዳንት መኪንሊ በሰው እጅ ሲገደል ግን እጅግ ደነገጠች። በቻይና ያየችው ዐመፅ ተከትሏት እዚህም የመጣ መሰላት። ይህን ፍርሃቷን ካደገች በኋላ በጻፈችው የሕይወት ታሪኳ ውስጥ ገልጻዋለች። በተከታዩ ዓመት ወደ ቻይና ሲመለሱ ዋንግ እየጠበቀቻት ነበር። ጨዋታውም፣ ተረቱም፣ ትምህርቱም እንደ ቀድሞው ቀጠለ። ልጅቱ ግን ከአጥሩ ውጭ ያለው ዓለም ድንገት በሩን ሊዘጋባት እንደሚችል አውቃለች።

ከ1906 እስከ 1907 በሰሜን ጂያንግሱ ጎርፍ እህሉን አጥፍቶ ታላቅ ረኀብ ሆነ። በሺህ የሚቈጠሩ ገበሬዎች መሬታቸውን ትተው ወደ ደቡብ ሲሰደዱ ዤንጂያንግም በችግረኞች ተሞላች። ፐርል በየደጁ የወደቁትን ስደተኞች ተመለከተች። በኋላ በጻፈችው ልብ ወለድ ውስጥ በረኀብ ምክንያት ወደ ደቡብ ከተማ ወርዶ የሚለምን የገበሬ ቤተ ሰብ ይገኛል፤ ያ ታሪክ ከምናብ ብቻ የመነጨ አልነበረም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፐርል በሻንግሃይ ወደሚገኝ የውጭ አገር ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ገባች። በዚያም ከትምህርቷ ጎን ለጎን ከባርነትና ከክፉ ጌቶች ላመለጡ ቻይናውያት ሴቶች ልጆች መጠጊያ በሆነ ቤት ውስጥ ስፌትና የእጅ ሥራ ታስተምር ነበር። ልጃገረዶቹ በገዛ ቋንቋቸው ስትናገር ሲሰሟት ሌላ ነጭ ሴት የማትሰማውን ምሥጢራቸውን ያጫውቷት ጀመር። ወላጆቻቸው በችግር ምክንያት እንዴት እንደ ሸጧቸው፣ በገዟቸው ሰዎች ቤትም ምን እንደ ደረሰባቸው ነገሯት።

በ1910 ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ ተሻገረችና በቨርጂኒያ በሚገኘው የራንዶልፍ ማኮን የሴቶች ኮሌጅ ገባች። አሁን ደግሞ መልኳ እንደ ጓደኞቿ መልክ፣ ጠጉሯም እንደ ጠጉራቸው ነው። በመንገድ ቆሞ የሚመለከታት የለም። ይሁን እንጂ በዤንጂያንግ ከተሰማት የበለጠ ባዕድነት ተሰማት። በቻይና የተሰፋው ቀሚሷ የአገሩን ፋሽን አልተከተለም፤ ጓደኞቿ የሚያውቋቸውን ዘፈኖች፣ ጨዋታዎችና ቀልዶች አታውቅም፤ እርሷ ስለምታውቀው አገር ደግሞ ማንም አይጠይቃትም። በቻይና በውጭ መልኳ እንግዳ ነበረች፤ በአሜሪካ ግን በውስጥ ሐሳቧ እንግዳ ሆነች። ፐርል በዚህ ተስፋ አልቆረጠችም። ቀሚሷን ለወጠች፣ የጓደኞቿን አነጋገር አጠናች፣ በጽሑፍ ውድድርም ሽልማት አገኘች። ስለ ቻይና ያላትን ትዝታ ግን በልቧ ሸሽጋ አኖረችው።

በ1914 ትምህርቷን እንደ ጨረሰች እናቷ በጠና መታመሟን ሰምታ ወደ ቻይና ተመለሰች። በ1917 ጆን ሎሲንግ በክ የተባለ የእርሻ ኢኮኖሚ ሊቅ አግብታ በአንሁዊ ክፍለ ሀገር ወደምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ሄደች። አገሩ ደረቅና አቧራማ፣ ሕዝቡም ድኃ ገበሬ ነው። ባሏ ስለ እርሻ ጥናት ሲያካሂድ ፐርል በአስተርጓሚነት አብራው ወደ መንደሮች ትሄድ ነበር። ባሏ ስለ ማሳ ስፋትና ስለ ምርት መጠን ሲጠይቅ፣ እርሷ ከሴቶቹ ጋር ከምድጃ አጠገብ ተቀምጣ ስለ ልጅ፣ ስለ አማት፣ ስለ ረኀብ ዘመን ትጨዋወታለች። ከዋንግና ከኩንግ የተማረችው ቋንቋ የገበሬውን ቤት ደጃፍ ከፈተላት።

በ1920 ካሮል የምትባል ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኒቱ ጤነኛ ትመስል ነበር፤ ዕድሜዋ ሲጨምር ግን አእምሮዋ አለማደጉ ታወቀ። የበሽታውን ምክንያት የሚያውቅ ሐኪም በዚያን ጊዜ አልነበረም። ሰውነት በምግብ ውስጥ ያለውን አንድ ንጥረ ነገር መፍጨት ሲያቅተው የሚመጣ መሆኑን አንድ የኖርዌይ ሐኪም ያገኘው በ1934 ነው። ፐርል ልጇን ለማሳከም ብዙ ደከመች፤ በመጨረሻም በ1929 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ በሚገኝ ልዩ ትምህርት ቤት አስገባቻት። ለልጇ ጥበቃ የሚያስፈልገው ገንዘብ ብዙ ስለ ነበር ለመጻፍ ካነሣሷት ምክንያቶች አንዱ ይህ ሆነ።

ቤተ ሰቡ በናንኪንግ ከተማ ይኖር በነበረበት ጊዜ፣ በመጋቢት ወር 1927፣ የብሔራዊው ጦር ከተማይቱን ሲይዝ በባዕዳን ላይ ግድያና ዝርፊያ ተነሣ። የፐርል ቤት ተዘረፈ። ይሁን እንጂ አንዲት ድኃ ቻይናዊት ጎረቤት ፐርልን፣ ልጆቿን፣ አዛውንት አባቷንና እኅቷን ከነቤተ ሰቧ ወደ ጠባብ ጎጆዋ አስገብታ ሸሸገቻቸው። ቢደርሱባት የገዛ ነፍሷም አደጋ ላይ ነበረች። በ1900 ጎረቤቶች በፍርሃት ሸሽተው ነበር፤ በ1927 ግን አንዲት ጎረቤት ፍርሃቷን አሸንፋ በሯን ከፈተች። ፐርል ከዚያ ጥፋት ተርፋ አንድ ዓመት ያህል በጃፓን ከተቀመጠች በኋላ ተመልሳ ቻይና ገባች።

በ1931 መልካሚቱ ምድር የተባለው ልብ ወለዷ ታተመ። መጽሐፉ ዋንግ ሉንግ የተባለ ገበሬና ኦላን የተባለች ሚስቱ ከድኅነት ተነሥተው መሬት ለማግኘት የሚያደርጉትን ትግል ይተርካል። በዚያን ዘመን በአሜሪካ በሚታተሙ መጻሕፍትና በሚታዩ ፊልሞች ውስጥ ቻይናዊ የሚቀርበው ወይ እንደ ተንኮለኛ ወይም እንደ መሣቂያ ነበር። የፐርል አንባብያን ግን ዋንግ ሉንግ ልጁ ሲወለድ እንደ እነርሱ ሲደሰት፣ እህሉ ሲጠፋ እንደ እነርሱ ሲጨነቅ አዩት። አሜሪካውያን ራሳቸው በኢኮኖሚ ድቀት ምክንያት ሥራና መሬት ያጡበት ጊዜ ስለ ነበር ታሪኩ ልባቸውን ነካው። መጽሐፉ በ1931ም በ1932ም በአሜሪካ ከሁሉ የበለጠ የተሸጠ ልብ ወለድ ሆነ፤ በ1932 የፑሊትዘር ሽልማትን አገኘ። ስለ ድርሰቱ ሁሉም አንድ ዓይነት አስተያየት አልሰጡም። አንዳንድ የቻይና ምሁራን ባዕድ ሴት የአገራችንን ድኅነት ለዓለም አደባባይ አወጣች ብለው ተቈጡ። ፐርል ግን የአገሪቱ ሕዝብ አብዛኛው ገበሬ ስለ ሆነ ኑሮው ሊነገር ይገባዋል የሚል እምነት ነበራት።

በ1933 ሹዪ ሁ ጁዋን የተባለውን ጥንታዊ የቻይና ልብ ወለድ ወደ እንግሊዝኛ ተርጕማ አሳተመች። በ1936 ደግሞ የእናቷንና የአባቷን የሕይወት ታሪክ በሁለት መጻሕፍት አወጣች። በ1938 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተሰጣት፤ ይህን ሽልማት ለማግኘት የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሴት ሆነች። በስቶክሆልም ንግግር ስታደርግ የመረጠችው ርእስ የቻይና ልብ ወለድ ነበር። የቻይና ሊቃውንት ልብ ወለድን እንደ ተራ ወሬ ይንቁት እንደ ነበር፣ ሕዝቡ ግን ጠብቆ እንዳኖረው አስረዳች፤ የታሪክ አነጋገርን የተማረችውም ከዚያ ሕዝብ መሆኑን መሰከረች።

ፐርል በ1934 ቻይናን ለቃ ወደ አሜሪካ ስትሄድ ዳግመኛ እንደማትመለስ አላወቀችም። በ1935 ከመጀመሪያው ባሏ ተፋትታ የመጻሕፍቷን አሳታሚ ሪቻርድ ዎልሽን አገባች፤ በፔንሲልቬኒያም የእርሻ ቤት ገዝታ ተቀመጠች። በአሜሪካ ቻይናውያን ሠራተኞች እንዳይገቡ፣ የገቡትም ዜግነት እንዳያገኙ የሚከለክል ሕግ ከ1882 ጀምሮ ጸንቶ ነበር። በልጅነቷ ባዕድ ተብላ የተገፋችው ሴት ይህ ሕግ እንዲሻር ከብዙ ሰዎች ጋር ሆና ተከራከረች፤ ሕጉም በ1943 ተሻረ። ሆኖም በዓመት እንዲገቡ የተፈቀደላቸው 105 ቻይናውያን ብቻ ስለ ነበሩ ድሉ ሙሉ አልነበረም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከእስያና ከአሜሪካ ወላጆች የተወለዱ ክልስ ሕፃናት በአሜሪካ የማደጎ ድርጅቶች አይፈለጉም ነበር። ፐርል በ1949 እነዚህን ሕፃናት ከአሳዳጊ ቤተ ሰብ ጋር የሚያገናኝ ዌልካም ሀውስ የተባለ ድርጅት አቋቋመች። ድርጅቱም በብዙ ዓመታት ውስጥ ከአምስት ሺህ በላይ ለሆኑ ልጆች ቤት አስገኘ። እርሷ ራሷም ሰባት ልጆችን በማደጎ አሳድጋለች። በ1950 ስለ ካሮል የጻፈችው መጽሐፍ ሲወጣ ደግሞ፣ እንዲህ ያሉ ልጆችን ከሰው ዓይን ሸሽገው ያኖሩ የነበሩ ብዙ ወላጆች ኀፍረታቸውን ጥለው ስለ ልጆቻቸው መናገር ጀመሩ።

በ1949 በቻይና አዲስ መንግሥት ቆመ። ከአሜሪካ ጋር የነበረው ግንኙነት ከተቋረጠ በኋላ የፐርል መጻሕፍት በቻይና ተወገዙ። በ1972 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ቻይናን ሲጎበኝ በሩ የተከፈተ መሰላት። የሰማንያ ዓመት አዛውንት ሆና፣ ያደገችበትን አገርና የእናቷን መቃብር ለማየት ፈቃድ ጠየቀች። የተሰጣት መልስ ግን ጽሑፎቿ ቻይናን አጥላልተዋል የሚልና ጥያቄዋን የማይቀበል ነበር። በዚያው ዓመት ታመመች፤ መጋቢት 6 ቀን 1973 በቨርሞንት ክፍለ ሀገር ዐረፈች።

የተቀበረችው በፔንሲልቬኒያ የእርሻ ቤቷ ግቢ ውስጥ ነው። የመቃብሯን ድንጋይ ጽሕፈት ራሷ አዘጋጅታ ነበር። በድንጋዩ ላይ የእንግሊዝኛ ስሟ አይገኝም። የተቀረጸው ሳይ ዤንጁ የሚለው ቻይናዊ ስሟ ነው፤ ዤንጁ ማለት ዕንቍ ማለት ሲሆን፣ ፐርል የሚለውም የእንግሊዝኛ ስም ትርጉሙ ይኸው ነው። ከጊዜ በኋላ በቻይናም ስለ እርሷ የነበረው አስተያየት ተለወጠ። መጻሕፍቷ እንደ ገና መነበብ ጀመሩ፤ በዤንጂያንግ ያለው ቤትም መታሰቢያዋ ሆኖ ተጠበቀ።

ፐርል በክ በልጅነቷ የሁለት ሕዝብ ልጅ ሆና አደገች፤ ሁለቱም ሕዝቦች ግን በየጊዜው እንግዳ አድርገው ቈጥረዋታል። ይህ ዕጣ ብዙ ሰው ያስመርራል፤ ከሁለቱ አንዱን እንዲጠላም ያደርገዋል። እርሷ ግን ስለ አንዱ ለሌላው መናገርን ሥራዋ አደረገች። ለዚህ ያበቃት ከሞግዚቷ አፍ የቀሰመችው ቋንቋ፣ ከመምህሯ የሰማችው ያልተሸሸገ ታሪክና ያቺ ድኃ ጎረቤት በጎጆዋ ያሳየቻት ርኅራኄ ነው።